ሃምሳ ስድስት ብሎን ለጌዶ መወጣጫ

አናጺው እንግዳወርቅ እንቅልፍ ያጣው ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው አምቦ ውስጥ የለም። ሚስቱ ማኅሌት እንኳ ስትጠየቅ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ስትተኛ ቁጭ ብሎ ትተወዋለች፤ ስትነሣ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። በመካከል ያለውን አታውቅም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደሙን መርምሮ ሻይ እንዲቀንስ መከረው። ሻይ ጨርሶ ተወ፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም። አንዱ ጎረቤት የመጋዝ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቶበት ነው ይላል። ሌላው ጠበል አዘዘለት። እንግዳወርቅ ሰባት ቀን ሄዶ ተጠመቀ፤ ሰባቱንም ቀን ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ምክንያቱም የሚቀሰቅሰው ሰው አላስፈለገውም።

ከጥር 2006 ዓ.ም. በፊት ግን ይተኛ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ተደግፎ፣ ቆሞ ሳይቀር ያንቀላፋ ነበር።

በዚያ ጥር የጎረቤቱ ልጅ ሀና ተዳረች። ሙሽራው ብዙነህ ከጌዶ የመጣ የከብት ነጋዴ ልጅ ነው። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን መድረክ የሠራው እንግዳወርቅ ነበር። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ገና በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሠራውና በሚስማር አያያዘው። የጥር ፀሐይ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጨቱን አደረቀው። እንጨቱ ሲደርቅ ኮሰመነ፤ ሚስማሮቹም በየቀዳዳቸው ላሉ። የሠርጉ ዕለት አምስት ሚዜዎች ሙሽራውን መሃል አድርገው እኩል ሲዘሉ መድረኩ በአንድ ወገን እንደ ደከመ በቅሎ ተንበረከከ። ሙሽራዋ ከነአበባዋ እንደቆመች ቀረች። የሙሽራው ግራ ጉልበት ግን ከወራጁ ሥር ገባ።

እንግዳወርቅን የወቀሰው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እግዜር አተረፈን አሉ። የሙሽራው አባት ለቅልቅሉ ጠርተው ከአጠገባቸው አስቀመጡት፤ በእጃቸውም አጎረሱት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ የወደቀው መድረክ ሥር ገብቶ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ለቀመ። አንዱም አልታጠፈም። ሚስማር ሲሸነፍ ሳይታገል እንደሚወጣ ያን ቀን ገባው። ቆጠራቸው፤ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትቶ አልጋው ሥር አስቀመጣቸው። ማኅሌት ቤት ስታጸዳ ቆርቆሮውን ታነሣለች፤ ወለሉን ትጠርጋለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወይም እንስሳ የሚቆምበትን ነገር በሚስማር አይሠራም። በብሎን ነው። ብሎን ሲባልም ሁሉም አይደለም፤ ክብ ራስ የሚባለውን ነው የሚፈልገው። የዚህ ብሎን ራስ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ድቡልቡል ነው፤ ቁልፍ የሚይዘው ጠርዝ የለውም። ከራሱ ሥር ያለው አንገት ግን አራት ማዕዘን ነው። ብሎኑን በቀዳዳው አስገብተው ራሱን በመዶሻ ሲመቱት ያ አንገት እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ በሌላው ወገን ጥርሱ ላይ የሚዞረውን ዳዶ ሲያጠብቁት ብሎኑ አብሮ አይዞርም። በአንድ ወገን ለስላሳ ራስ፣ በሌላው ወገን ዳዶና የብሎኑ ጭራ። እንግዳወርቅ የዳዶው ልክ የሆነውን ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ከኮቱ ኪስ አይለይም። ለቅሶ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል።

ብሎን የሚገዛው አምቦ ገበያ አጠገብ ካለው የኤቢሴ ሱቅ ነው። ኤቢሴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሕንፃ መሣሪያ ሱቁን ብቻዋን የምትመራ፣ ምላሷ የማይታክት ሴት ናት። እንግዳወርቅ ሲመጣ ሌላውን ደንበኛ ቀድማ ትሸኛለች፤ እሱ ግማሽ ቀን እንደሚቆይ ታውቃለችና። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ይዘረግፈዋል። የሚያብረቀርቀውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ብርሃኑ ስስ ቅብ ነውና ሁለት ክረምት አይዘልቅም ይላል። ደብዛዛውንና ግራጫውን፣ ቀልጦ በፈላ ዚንክ ውስጥ የተነከረውን፣ ይወስዳል። ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ዳዶውን በጣቱ ያስኬደዋል። በጣት የማይሄድ ከሆነ ይመልሰዋል።

«ጋሼ፣ ብሎን ነው የሚመርጡት ወይስ ምራት?» አለችው አንድ ቀን።

«ምራት ብትከፋ እናቷ ቤት ትመለሳለች» አላት፣ ዳዶውን እያዞረ። «ይሄ ከገባ የት ይመለሳል?»

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ብዙነህ እያነከሰ እንግዳወርቅ ግቢ ገባ። ከሠርጉ ወዲህ በለቅሶና በማኅበር ተያይተዋል፤ ስለ ጉልበቱ ግን ተነጋግረው አያውቁም። ብዙነህ አሁን የጌዶ ከብት ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ማኅበሩ ገበያው ዳር የከብት መጫኛ መወጣጫ ሊያሠራ ነው። እስከ ዛሬ በሬዎቹን አይሱዙ ላይ የሚጭኑት መኪናውን ከአፈር ቁልል ጋር አስጠግተው ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሁለት በሬዎች በመካከሉ ገብተው እግራቸው ተሰብሯል። መወጣጫው ከሆሳዕና ዋዜማ በፊት መድረስ አለበት። ያን ቅዳሜ ለፋሲካ የሚታረደው ሰንጋ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል።

«አናጺ ጌዶ ውስጥ ጠፋ?» አለ እንግዳወርቅ።

«አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

«አባቴ አንዴ የወደቀ ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም ይላል።»

እንግዳወርቅ የወደቀው እኔ ሳልሆን አንተ ነህ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ተወው። ሥራውን ተቀበለ። ማኅሌት በዚያ ሰሞን ጭራሽ ጋደም ሲል እንኳ እንዳላየችው ትናገራለች። ነገሩ ግልጽ ነበር። ይህ መወጣጫ አንድ በሬ ቢጥል ከእንግዲህ በምዕራብ ሸዋ ሥራ የሚሰጠው የለም፤ ከሥራውም በላይ ደግሞ በብዙነህ ፊት ሁለተኛ መድረክ ሊወድቅበት ነው።

እንጨቱ ከጊንጪ መሰንጠቂያ የመጣ የፈረንጅ ጥድ ነበር። ሽቅብ የሚወጣውን ወለል ጎድጎድ ባወጣለት ወራጅ ላይ ያለ ሚስማር ገጥሞ ካነጠፈ በኋላ በግራና በቀኝ ሰባት ሰባት ቋሚ ተከለ፤ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ አራት አራት አግዳሚ ጣውላ በውስጥ በኩል አሠረ። በሬ ሲገፋ ጣውላውን ወደ ቋሚው እንዲያስጠጋው እንጂ ከቋሚው እንዳያላቅቀው ነው። ሃምሳ ስድስት መጋጠሚያ፣ ሃምሳ ስድስት ብሎን። የቋሚው ውፍረት ዐሥር ሳንቲ ሜትር፣ የጣውላው አምስት። ከዳዶው ሥር ለሚገባው ቀለበት፣ ለሮንዴላው፣ ለዳዶውና እንጨቱ ደርቆ ሲኮሰምን እንደገና ለማጥበቂያ ሦስት ጨመረበትና ባለ ዐሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ብሎን አመጣ። ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ በሳው፤ አላሰፋውም። ከጣውላው ጫፍ አንድ ጋት ያህል ራቀ፤ ጫፉ ላይ ከተበሳ ይሰነጠቃልና። ክብ ራሶቹን በሙሉ በሬው በሚያልፍበት በውስጥ በኩል አደረገ፤ ዳዶዎቹንና ጭራዎቹን በውጭ።

ረቡዕ ሚያዝያ ዘጠኝ ሥራውን ጨርሶ ተሳፈረ። አክስቱ አምቦ ሞተው ስለነበር ለቀብራቸው መድረስ ነበረበት።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ መወጣጫው ከሩቅ ያብረቀርቅ ነበር። እንግዳወርቅ ግራጫ ብሎን ነው ያሠረው። መነጽሩን አውጥቶ ቀረበ። ሃምሳ ስድስቱም ክብ ራሶች ወደ ውጭ፣ ወደ አስፋልቱ ዞረው፣ ብርማ ቀለም ተቀብተው ይታያሉ። ወደ ውስጥ ገባ። በሁለቱም ወገን ዳዶዎቹና የጣት አንጓ የሚያህሉት ጭራዎቹ ተገትረዋል። በሦስተኛው ቋሚ ላይ ባለው ጭራ ላይ ትንሽ ቀይ ጠጉር ነበር።

የጠጉሩ ባለቤት ውጭ ታስሮ ይጠብቃል፤ የበሬውም ባለቤት አጠገቡ ቆመዋል። ኦቦ ጂራ ከጌዶ ነጋዴዎች በዕድሜም በከብት ብዛትም አንደኛ ናቸው። የእሳቸው ሰንጋ የሄደበትን ሌላው ሁሉ ይከተላል። በሬው ከሽንጡ እስከ ታፋው ስንዝር ከግማሽ ተጭሯል።

«አካም፣ ኦቦ እንግዳ» አሉት በለሆሳስ። «እኔ መወጣጫ የሠራህልን መስሎኝ ነበር። ምላጭ ነው ለካ። ሰንጋዬን ያለ ውሃ ላጨው።»

የሆነው ይህ ነበር። ሐሙስ ምረቃ ነው፤ ከዞን እንግዳ ይመጣል። ረቡዕ ማታ የማኅበሩ ኮሚቴ መወጣጫውን ከአስፋልቱ በኩል ቆሞ አየው። የሚታየው ዳዶ ብቻ ነው። ድንቅቱ የምትባለው የማኅበሩ ጸሐፊ እንግዳ ሲመጣ ጀርባችንን እንሰጠዋለን ወይ አለች። ሰው ልብሱን ገልብጦ ለብሶ እንግዳ አይቀበልም አለ ሌላው። መልካሙ ፊት ውስጥ ገብቶ ከብት ብቻ ሊያየው ነው ወይ ተባለ። ሐሙስ ከጎህ ጀምሮ አራት ሰዎች ብሎኖቹን እየፈቱና እየነቀሉ ገልብጠው መቷቸው፤ ቀለምም ቀቧቸው። እንግዳው በሰዓቱ መጣ፤ ሪባኑን ቆረጠ፤ አንዱን ክብ ራስ በመዳፉ ደባብሶ ሥራው ዘመናዊ ነው ብሎ ተናገረ፤ ምሳ በልቶ ሄደ። ከዚያ የመጀመሪያው በሬ ወጣ።

ኦቦ ጂራ የሚሉት አጭር ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከተስተካከለ መልካም፤ ካልተስተካከለ ሰንጋቸውን ይዘው ወደ አፈሩ ቁልል ይመለሳሉ። መወጣጫውም ለማገዶ ጥሩ ነው አሉ፤ ጥድ ይነዳል።

ኮሚቴው ጭራዎቹ በመጋዝ ይቆረጡ አለ። እንግዳወርቅ አልተቀበለውም። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ያኔ ዳዶውን ማስከተል አለባቸው፤ ዳዶው ደግሞ በሌለ ጭራ ላይ አይያዝም። ቢቆረጡም ዳዶው ራሱ በውስጥ ይቀራል፤ በሬ ደግሞ ዳዶ አለ ብሎ ጎኑን አይሰበስብም።

እንግዲያው ይገልበጡ አሉ። እዚህ ላይ ነበር እውነተኛው ጣጣ። የብሎኑ አንገት አንዴ ነክሶት የነበረው የጣውላው ቀዳዳ አሁን ላልቷል። እንደ ነበረ ቢመልሱት በአሮጌው አራት ማዕዘን ጉድጓድ ውስጥ ይጫወታል፤ ዳዶው ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። የሚዞር ብሎን ደግሞ ከሚስማር አይሻልም።

እንግዳወርቅ መወጣጫው ውስጥ በበርጩማ ተቀምጦ አንዱን ብሎን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ሰዎቹ ቆመው ጠበቁት። ቆመው ሲሰለቹ ወደ ሽሯቸው ሄዱ። የቀረው ብዙነህ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ ብዙነህ። «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ሲሉኝ አፈርኩ።»

እንግዳወርቅ ከበርጩማው ተነሣ። ብሎኑን ወደ አሮጌው ጉድጓድ አስጠጋው። ማዕዘኖቹ ከአሮጌዎቹ ማዕዘኖች ጋር ገጠሙ፤ ተጫወተ። ትንሽ አዞረው፤ የአንገቱ ማዕዘኖች በጉድጓዱ ጎኖች መካከል፣ ገና ባልተነካው እንጨት ላይ አረፉ። እዚያ ላይ አቆመውና በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታው። ከዚያ በክብ ራሱ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ሠራ።

«ውጭ ውጣና አጥብቀው» አለ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥሩን ቁልፍ በጣውላዎቹ መካከል አቀበለው። «ጭረቱ ከዞረ እነግርሃለሁ።»

ብዙነህ ውጭ በጤነኛው ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሌላውን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሮንዴላውን አስገባ፤ ዳዶውን በጣቱ አስኬደው፤ ከዚያ በቁልፍ። እንግዳወርቅ በውስጥ ጭረቱን ያያል። ጭረቱ አልዞረም።

«በቃ» አለ እንግዳወርቅ። «ሮንዴላው እንጨቱ ውስጥ ከሰጠመ በዝቷል። ቀጥል።»

እንዲህ ሆነው ሲሠሩ ዋሉ። አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ፣ በመካከላቸው ጣውላ። ሃያኛው ብሎን ላይ ፀሐይ ዘቀዘቀች። በሃያ አራተኛው ላይ ብዙነህ ቁልፉን አሳረፈና በጣውላዎቹ መካከል ተናገረ።

«ጋሼ፣ ያኔ ሠርጌ ላይ ስንት ሚስማር ነበር የመቱት?»

ይህን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ አምስት ዓመት ሆኖታል።

«አርባ ሁለት።»

«ብሎን ቢሆን ስንት ይበቃ ነበር?»

«ስምንት።»

ብዙነህ ቁልፉን መልሶ አነሣ። መንገዱ ላይ አንድ አህያ ውሃ ጭና አለፈች።

«ስምንት ብቻ?»

«ስምንት።»

«ለአባቴ አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? አጉርሰውኝ ነበር።»

በጣውላው ማዶ ድምፅ ተሰማ። እንግዳወርቅ ሰውየው ያለቀሰ መሰለው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ብዙነህ እየሳቀ ነበር፤ እየሳቀም ጉልበቱን ያሻል።

«እኔ ሐሙስ ስንት አጠፋሁ? ሃምሳ ስድስት» አለ ብዙነህ። «በልጬዎታለሁ።»

«ያንተን እያስተካከልን ነው።»

«የርስዎም ጥፋት፣ ይሄ ጉልበቴ፣ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል። ለከብት ነጋዴ አይከፋም። ይምቱት እንጂ፣ እየመሸ ነው።»

መታው። ሲጨልም ሠላሳ አንድ ደርሰው ነበር። ብዙነህ ቤት ሽሮ በሉ፤ ሀና መደብ ላይ አነጠፈችለት። እንግዳወርቅ እንደ ልማዱ ቁጭ ብሎ አነጋ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ጀመሩ። የሌሎቹን ቀለም መዶሻው ፍቆታል፤ የመጨረሻው ብሎን ራስ ግን ቀለሙ አልተፋቀምና በውስጥ በኩል ብቻውን እንደ ብር ጥርስ አብረቀረቀ። ድንቅቱ ከአስፋልቱ ቆማ ዳዶዎቹን አይታ መንገዷን ቀጠለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ኦቦ ጂራ ደረሱ። በመጀመሪያ ያለ በሬ፣ ብቻቸውን፣ በሸሚዝ ገቡ። በግራና በቀኝ ትከሻቸውን ጣውላው ላይ እያሻሹ እስከ ላይ ወጡ፤ ወረዱ። ሸሚዛቸውን አወለቁና ጀርባውን በፀሐይ ተመለከቱት። ክር እንኳ አልተመዘዘም።

«ገሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «ሰንጋዬ ደግሞ ከኔ ይወፍራል፤ እናያለን።»

የተጫረውን ቀይ በሬ ቀድመው አስገቡት። በሬው በሦስተኛው ቋሚ ፊት ቆም አለ፤ ጣውላውን አሸተተ፤ ከዚያ ወጣ። ከኋላው ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው። አይሱዙው ሞልቶ ሌላው ተጠጋ።

እንግዳወርቅ ከመወጣጫው ሥር ገባ። በከፍተኛው ጫፍ፣ የበሬዎቹ ሽንት በማይደርስበት ጎን፣ ኮቱን አንጥፎ ተጋደመ። የሚላላ ዳዶ ካለ መጮኹ አይቀርም፤ ያን ለመስማት ነው ብሎ ነበር የገባው። በላዩ ላይ ኮቴ ይንኳኳል፤ አግዳሚው ወደ ቋሚው ይጠጋል፤ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር በሬዎች ቆጠረ። ከዚያ ሌሎች ዐሥር። የሚጮኽ ነገር አልነበረም።

ብዙነህ ሦስተኛው መኪና ሲሞላ ዳዶዎቹን እንደገና ሊሞክር ቁልፉን ፈለገው። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቁልፉ ከእንግዳወርቅ እጅ ወጥቶ አፈሩ ላይ ወድቋል፤ አናጺው አፉን ከፍቶ፣ አንድ ክንዱን ከራሱ ሥር አድርጎ፣ ከበሬዎቹ ሥር ያንኮራፋል። ኦቦ ጂራም ጎንበስ ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሬዎቹን ዱላ ሳያነሡ ይነዱ ጀመር። ብዙነህ ቁልፉን አነሣ። ማኅሌት መቼ ተኛ ብላ እንደምትጠይቀው ስለሚያውቅ ሰዓቱንም አየ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።